አባቴ ባንድ ቀን የከፈታቸው በሮች

የገና መቁጠሪያ ካርቶኑ አንድም በሩ አልተከፈተም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በማን ቤት፣ በየትኛው ቁም ሣጥን ውስጥ እንደከረመ እንጃ። ሃያ አራቱ ትንንሽ በሮች እንደተዘጉ፣ ጠርዛቸው ሳይጎብጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ የሻጭ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ሥዕሉ ያው ነው። በረዶ የለበሰች ከተማ፣ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና፣ መሰላል ላይ የወጣ ፊቱ ቢጫ የሆነ ትንሽ ሰው። ሳየው እግሬ ቆመ፤ ልጄ እጄን ይዛ ብትጎትተኝም አልተንቀሳቀስኩም።

ቦታው ሜልቦርን ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ከፖይንት ኩክ ብዙ የማይርቅ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። በኖቬምበር መጨረሻ የተገጣጣሚ መጫወቻ ሰብሳቢዎች እዚያ እየመጡ ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ። ልጄ ሳምንት ሙሉ ነዝንዛኝ ነው የወሰድኳት። እኔ የጠበቅኩት የልጆች ጫጫታ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ፀጉራቸው የሸበተ ትልልቅ ሰዎች የካርቶን ጠርዝ በባትሪ ሲመረምሩ ነው። እኔን ሐኪም እንኳ እንደዚያ አገላብጦ አይቶኝ አያውቅም። በአዳራሹ ማዶ ደግሞ ቤተሰቦች በትልልቅ የፕላስቲክ ሣጥኖች ዙሪያ ተንበርክከው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ብትን የመጫወቻ ጡቦችን ይፈልጉ ነበር። ድምፁ ጠጠር በአካፋ ሲዛቅ የሚሰማውን ይመስላል።

ሻጯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አሮጊት ነበረች። ካርቶኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ አይታ፣ እንዲህ ያለው አሁን በቀላሉ እንደማይገኝ፣ ዋናው ነገር ደግሞ ማንም ሰው ያልከፈተው መሆኑ እንደሆነ አስረዳችኝ። አንዲት በር እንኳ ብትከፈት ኖሮ ግማሽ ክብሩ ይሄድ ነበር አለች። የኛው ሃያ በር ባንድ ቀን እንደተከፈተ ብነግራት ምን ትል ይሆን ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየ።

እንግዲህ ልንገራችሁ። አባቴ ካለፈው ክረምት ወዲህ መርሳት ጀምሯል። መጀመሪያ የመኪና ቁልፍ ነበር፤ ከዚያ የጎረቤት ስም፤ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩ እየባሰ እንደሚሄድ ነግሮናል። እኔ ደግሞ ከዐሥር ዓመቴ ጀምሮ ይቅርታ ልጠይቀው እያሰብኩ፣ ነገ እያልኩ፣ ሳልጠይቀው የኖርኩት አንድ ነገር አለ። ያን ካርቶን ፊት ለፊቴ ሳየው፣ አሁን ካልጠየቅኩት በኋላ ብጠይቀውም እንደማይገባው ታወቀኝ።

ያኔ የምንኖረው ሳንሻይን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ ሁለት ክፍል ዩኒት ነበር። አባቴ፣ እናቴና እኔ ብቻ። ከአዲስ አበባ የመጣነው እኔ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። አባቴ እዚያ ግንበኛ ነበር፤ እናቴ እንደምትለው ደግሞ እንዲያው ግንበኛ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው የሠራውን ግድግዳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አይቶ የት ላይ እንደተጣመመ የሚናገር ዓይነት። ሜልቦርን እንደመጣን ሁለት ዓመት ሙሉ የግንበኝነት ሥራ ፈለገ። ኮርሱን ወሰደ፣ ወረቀቱን አወጣ፣ የሄደበት ሁሉ ግን «ሎካል ኤክስፒሪያንስ የለህም»፣ እዚህ አገር የሠራኸው የለም እያሉ መለሱት። በመጨረሻ ላቨርተን ኖርዝ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ጭነት የሚያነሣውን ፎርክሊፍት መንዳት ጀመረ። በሻንጣው ያመጣትን ቱንቢ፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለካባትን በክር የታሰረች ብረት፣ እናቴ መጋረጃ ስትሰቅል አንድ ጊዜ አውጥቶ ተጠቀመባት። ከዚያ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ተኛች። ስለ ግንብ ሥራ ማውራትም ቀስ በቀስ ተወ።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ዲሴምበር ሲገባ ክፍላችን ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጆቹ ሁሉ ቤታቸው የገና መቁጠሪያ አላቸው፤ ከወሩ መጀመሪያ እስከ ሃያ አራተኛው ቀን በየቀኑ አንዲት ትንሽ በር የምትከፈትበት ካርቶን። የአብዛኛዎቹ ቸኮሌት ነው። የታደሉት ግን ከየበሩ ጀርባ የተገጣጣሚ ጡብ ከረጢት ያለበት ነበራቸው። አንድ ቀን ሰው፣ አንድ ቀን አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቀን ትንሽ መኪና ገጣጥመው ይሠራሉ። ጠዋት ቦርሳ የምንሰቅልበት ኮሪደር ላይ ቆመው ዛሬ ምን እንደወጣላቸው ያወራሉ። እኔም ዋሸሁ። ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ከሚጣለው የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ያየሁትን እየጠራሁ ዐሥር ቀን ሙሉ ዋሸሁ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ዛሬ ውሻው ወጣልኝ ብዬ ሳወራ፣ ያንኑ ካርቶን የያዘ አንድ ልጅ ውሻው የወጣው በሦስተኛው ቀን እንደነበር በእርጋታ ነገረኝ። ማንም አልሰደበኝም። ትንሽ ፈቀቅ አሉና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን ሳልነካ ወደ ቤት መመለስ ጀመርኩ። አስተማሪዋ እናቴን ጠርታ ነገሩን ነገረቻት፤ እናቴም ለአባቴ ነገረችው። አባቴ አልተቆጣም፣ ስለ ውሸትም አልመከረኝም። ካርቶኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ፤ እኔም የቻልኩትን ያህል አስረዳሁት። ባለ በር ካርቶን፣ ውስጡ ብሎኬት ያለበት ብሎ ያዘው። ብሎኬት ያለው እሱ ነው፤ ለሱ ሲገጣጠም የሚቆም ነገር ሁሉ ብሎኬት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኦቨርታይም ገብቶ ሲመለስ ብብቱ ሥር ይዞት መጣ። በፎርክሊፍት ሲያነሳና ሲያወርድ ከነበረው ጭነት አንዱ ተቀዶ ሥዕሉን አይቷል። ከፊተኛው ዓመት የተረፈና ጥጉ የተጨራመተ ስለነበረ ለሠራተኛ የሚሸጥ ሆነና እሱ ቀድሞ ወሰደው። ስጦታ በሰጪው ፊት ቀዶ ማየት እኛ ቤት ነውር ነው። ስለዚህ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ጉንጩን ስሜ፣ ምንም እንዳልጓጓ ሰው ለእናቴ አቀበልኳት። እናቴም ቡፌው ላይ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች አጠገብ አቆመችው። አባቴም እንደ ጨዋ ሰው በሰጠው ስጦታ ላይ ጥያቄ አላበዛም። እንዴት እንደሚከፈት፣ ለምን ቁጥር እንዳለው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ያ አለመነጋገር ነው በኋላ ጣጣ ያመጣው።

ዲሴምበር አንድ ጠዋት ሦስታችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። እናቴ የጌታን ልደት ከእሳት አደጋ መኪና ጋር ምን አገናኘው ስትል ሰንብታ ነበር፤ ቢሆንም አጭር ጸሎት ሳታደርግ በሩን አላስከፈተችኝም። የመጀመሪያዋን በር በጣቴ ስጫናት የተሰማው ድምፅና ከውስጧ የወጣው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። አንድ እሳት አደጋ ሠራተኛ ወጣ። በሁለተኛው ቀን የውሃ ቧንቧ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ያ ልጅ እንዳለው፣ ውሻው። ትምህርት ቤት ሄጄ ውሻው ወጣልኝ ስል ማንም ምንም አላለኝም። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የቆምኩበትን አቋቋም አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ አገር የተሰጠኝ ነበር የሚመስለው።

አባቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበረ ጠዋት ጠዋት አብሮኝ ይቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ውሻውን በሁለት ወፋፍራም ጣቶቹ አንሥቶ አየና ለዛሬ ይኸው ብቻ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይኸው ብቻ ነው አልኩት። በቀን ሦስት ብሎኬት የሚያስቀምጥ ግንበኛ እኛ ዘንድ ቢሆን ከምሳ በፊት ይባረር ነበር አለ። እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የእውነቱን ነው ያሰበው። ካርቶኑ ለሱ ዕቃው በሃያ አራት ክፍል የተከፋፈለ አንድ ሥራ ነበር። እኔ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ለመሥራት አቅም ያጣሁ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የምነካካ ልጅ ሆኜ ታየሁት፤ አዘነልኝ።

ማግስቱ ኦፍ የወጣበት ቀን ነበር። ሰሜን ነፋስ የሚባለው ያ ትኩስ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ፉጨት ሰማሁ። የማን እንደሆነ አላወቅኩም። አባቴ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በሩን ስከፍት ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሸሚዙን ክርኑ ድረስ ጠቅልሎ፣ ፊቱ በላብ ወዝቶ። ትልቁ ትሪ ላይ የተረፉት ቁርጥራጮች በቀለማቸው፣ በመጠናቸው ተለይተው ተደርድረዋል። ግንበኛ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ዕቃውን አውርዶ መለየት አለበት፤ እሱም ያደረገው ያንን ነው። የዳቦ መክተፊያው ላይ ደግሞ አንዲት ቤት ቆማለች። ከሁለት መዳፍ አትበልጥም። ግድግዳዋ ቀይ፣ ነጭና ግራጫ ተቀላቅሎበታል፤ የመኪናው መስታወት መስኮት ሆኗል፤ የእሳት አደጋው መሰላል አጥር። በረንዳዋን የተሸከሙት አራት ጥቋቁር ጎማዎች ነበሩ። ጣሪያ አልነበራትም። ከጎኗ የሸሚዝ ቁልፍ የታሰረበት ክር ተኝቷል፤ የመሳቢያዋ ቱንቢ ለዚህች ቤት በጣም ትልቅ ስለሆነችበት ለቤቷ የሚሆን ቱንቢ ሠርቶ ነበር።

ይህን ሁሉ አሁን የምነግራችሁ ዓይኔ ካየው ላይ ከጊዜ በኋላ ለቃቅሜ ነው። ያኔ መጀመሪያ ያየሁት ቤቷን አይደለም። ያየሁት ካርቶኑን ነው። ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ ሃያ አራቱም በሮቹ ተከፍተው፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ። በሮቹን እንኳ ሳይቀድ፣ በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ በጥንቃቄ ከፍቷቸዋል።

«ነይ እስቲ የኔ እናት» አለኝ። «አልቆልሻል።»

ነገ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ምን እንደምል ነበር ያሰብኩት። የቀሩኝ ሃያ ቀናት በሙሉ ባንድ ጊዜ ከፊቴ የጠፉ መሰለኝ።

«ምንድን ነው ያደረግከው?» አልኩት። «ሁሉንም ሩይን አደረግከው።»

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ አልጠፋም፤ ትንሽ ግራ ተጋባ እንጂ። ጎንበስ ብሎ ቤቷን ዙሪያዋን አያት። የተበላሸው ቤቷ ላይ መስሎታል።

«የቱ ጋ ነው? አሳዪኝ፣ እናስተካክለዋለን» አለ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። በአማርኛ ቢሆን አፌ አይታዘዘኝም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን ቀለለኝ። አንተ ግንበኛ አይደለህም አልኩት። አንተ ፎርክሊፍት ነጂ ነህ። አባቴ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነበር፤ ይህን ግን አንድ ቃል ሳያመልጠው ሰማ። ከዚያ እጄን ዘረጋሁና መክተፊያውን ከነቤቷ ከጠረጴዛው ላይ ጠረግኩት።

ሴራሚኩ ላይ ወድቃ ተበታተነች። አንድ ጎማ እየተንከባለለ ፍሪጁ ሥር ሲገባ ሁለታችንም በዓይናችን ተከተልነው። አባቴ ተንበረከከና መልቀም ጀመረ። ሲለቅም እንኳ ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ እየለየ ነበር። እናቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ከጓሮ ስትገባ እንደዚያው ተንበርክኮ አገኘችው።

እናቴ ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። መኝታ ቤቴ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ አባቴ ሲያፏጭ የሰማችው ያን ቀን ብቻ እንደነበር ነገረችኝ። ቀጥላም ስለ ቤቷ አወራችልኝ። አባቴ ኮተቤ በቆሎ ይዘራበት በነበረ ቦታ ላይ፣ የሰው ሥራ ሠርቶ በተረፈው ጊዜ፣ የራሳችንን ቤት ይገነባ ነበር። በረንዳ ያለው፣ በረንዳው አራት ምሰሶ ያለው። ግድግዳው አልቆ ጣሪያ ብቻ ሲቀረው ቪዛችን መጣ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተላለፈ፤ የገዛው ሰው አፍርሶ ሌላ ሠራበት። አባቴ ይህን በስልክ የሰማ ቀን ምሳውን በልቶ ወደ ሥራ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቤት አንሥቶም አያውቅ።

«ዛሬ የሠራው እሱን ነው» አለችኝ። «ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው።»

ልብሴን እንደለበስኩ ተኛሁ። አልሄድኩም። ስላልገባኝ አይደለም፤ ስለገባኝ ነው ያልሄድኩት። ፊቱን ማየት አቃተኝ።

ጠዋት ስነሣ ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። በሮቹ ሁሉ ተዘግተው፣ እያንዳንዱ በር ላይ ከሥራ ቦታው ያመጣው ቡናማ ፕላስተር በልኩ ተቆርጦ ተለጥፏል። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣ ነበር። እሱ እንዳላወቀ፣ አሁን ግን በየቀኑ መክፈት እንደምችል፣ ሁሉንም ወደ ቦታው እንደመለሰው ነገረኝ። ድምፁ ላይ ቅሬታ ብፈልግ አጣሁ። የአምስተኛውን ቀን በር ከፈትኩ። የመሰላሉ ግማሽ፣ አንድ ጎማ፣ ሁለት ነጭ ጡብና ጭንቅላት የሌለው ባርኔጣ ወጡ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የትኛው ቁራጭ የየትኛው ቀን እንደሆነ ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ ቁርጥራጮቹን ቆጥሮ፣ አንዱ ቀን ከሌላው እንዳይበልጥ እንዳያንስ፣ ለየበሩ እኩል አካፍሏቸዋል። ሠራተኛው ብዙ ለሆነ ቤት ዳቦ እንደሚከፋፈለው። ልጆቼ አሁን በየጠዋቱ የየራሳቸውን በር ሲከፍቱ፣ ያንተ ይበልጣል፣ ያንቺ ይበልጣል ሲባባሉ፣ ያ ትዝ ይለኝና ፊቴን አዞራለሁ።

«ዛሬ ምን ወጣ?» ሲል ጠየቀኝ።

መዳፌ ውስጥ ያለውን አየሁ።

«የበረዶ መንሸራተቻ» አልኩት።

ደስ አለው። ጎበዝ አለኝ፤ እኔ የሠራሁት ነገር ይመስል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይጠይቀኛል፣ በየጠዋቱ አንድ ነገር እፈጥርለታለሁ። መኪና፣ ዛፍ፣ የሚያበራ ፋኖስ። ያንኑ ትምህርት ቤት ሄጄ ለልጆቹ እደግመዋለሁ። በፊተኛው ዓመት ካርቶን ሳይኖረኝ ዋሸሁ፤ ያን ዓመት ደግሞ ካርቶን እያለኝ ዋሸሁ። ልዩነቱ፣ ለአባቴ የምነግረውን ውሸት እንደ ይቅርታ እቆጥረው ነበር። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈልኩት ያለሁ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ይቅርታ የሚለውን ቃል ከኔ አልሰማም።

በሃያ አራተኛው ቀን የመጨረሻዋን በር ከፈትኩ። እሱ በዓል ስለሆነ በጠዋት ፈረቃ ገብቶ ነበር፤ ከሰዓት ይመለሳል። የሃያ ቀኑን ጥርቅም ሁሉ ትሪው ላይ ዘረገፍኩና ቤቷን መልሼ ልሠራለት ተቀመጥኩ። ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያገኛታል፤ እኔም ያኔ ይቅርታ እለዋለሁ፤ ዕቅዴ ይህ ነበር። ግድግዳውን ጀመርኩ። ጡብ በጡብ ላይ፣ ጫፉን ከጫፍ ጋር አስተካክዬ ደረደርኩት፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ከመሀል ተሰነጠቀና ወደቀ። ግንብ ሲሠራ የታችኛው መጋጠሚያ ላይ ሙሉ ጡብ መዋል እንዳለበት ያኔ አላውቅም፤ የሚያውቀውን ሰው ደግሞ ግንበኛ አይደለህም ብዬዋለሁ። እንደገና ጀመርኩ። መስኮቷ በቀኝ ነበር ወይስ በግራ? በሩስ ወዴት ይከፈት ነበር? ስንት ክፍል ነበራት? አንዱንም አላስታወስኩም። ያፈረስኳትን ቤት በደንብ አላየኋትም ነበር።

የመኪናውን ድምፅ ስሰማ ሁሉንም ጠራርጌ ወተት የነበረበት ጣሳ ውስጥ ከተትኩ። አባቴ የተጠበሰ ዶሮና አንድ ከረጢት ቼሪ ይዞ ገባ። የመጨረሻው በር ምን ሰጠኝ ብሎ ጠየቀኝ፤ ኮከብ አልኩት። ተመስገን፣ በሰላም አለቀ አለ። እናቴ ከእቃ ማጠቢያው ዘወር ብላ አየችኝ። በኋላ ቤት ስንቀይር ጣሳው ከኛ ጋር ሜልተን ድረስ ተጓዘ፤ እዚያ እናቴ ለቤተ ክርስቲያኑ የሕፃናት ክፍል ሰጠችው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ብሎኬት ሲነካ አላየሁትም። ልጆቼ መሬት ላይ ዘርግፈው ሲጫወቱ እንኳ አጠገባቸው ተቀምጦ የጠየቁትን ቀለም ያቀብላቸዋል እንጂ አንዱን በአንዱ ላይ አያስቀምጥም።

ከአዳራሹ ካርቶኑን ሳልገዛ ወጣሁ። ወደ ቤት በመሄድ ፈንታ ወላጆቼ ወደሚኖሩበት ወደ ሜልተን ስታጠፍ ልጄ ወዴት ነው የምንሄደው ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። አባዬን ይቅርታ ልጠይቅ ነው አልኳት። ምን አድርገሽ አለችኝ። መንገዱ ረጅም ስለነበር ሁሉንም ነገርኳት። እሷም፣ ታዲያ ለምን ያን ጊዜውን አላልሽውም አለችኝ።

አባቴን ጓሮ አገኘሁት፤ ጥላው ሥር ተቀምጦ እናቴ ቲማቲሟን ውሃ ስታጠጣ ያያል። ልጄ ሮጣ ወደ እናቴ ሄደች። እኔ ዱካ ነገር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት፤ ያ ሁሉ ዓመት መሪ ሲጨብጥ ቆይቶ አሁንም የግንበኛ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ሰፋፊ፣ ጥፍሮቹ አጭር።

«አባዬ፣ ሳንሻይን እያለን በብሎኬት የሠራኸውን ቤት ታስታውሳለህ?»

ትኩር ብሎ አየኝ። ዘግይቻለሁ ብዬ ፈራሁ።

«በረንዳ ያለው?» አለ።

«አዎ፣ በረንዳ ያለው።»

«እሱን እንዴት እረሳዋለሁ?»

ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና ይነግረኝ ጀመር። እንዲህ ረዥም ሲያወራ ከሰማሁት ወራት አልፈዋል። ግድግዳው አንድ በጋ እንደፈጀ፣ ውሃውን ከሩቅ በጀሪካን እንዳመላለሱ፣ ለምሰሶዎቹ ድንጋይ ራሱ ሄዶ እንደመረጠ አወራልኝ። ከዚያ ጣሪያውን መታሁት አለ። አዲስ ቆርቆሮ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየልን፤ ፓስተሩ መጥቶ ጸለየበት። እሱ እንደሚለው እኔ ልጁ ቀሚሴን ወደ ላይ ሰብስቤ ምስማር ይዤለት ነበር፤ አንድም ሳልጥል። ጎበዝ ልጅ ነበርሽ አለኝ። ከጣሪያው ጀምሮ ከነገረኝ አንዱም አልሆነም። ጣሪያ የተመታ ቤት አልነበረንም። የኮተቤውና የጠረጴዛው ቤት እሱ ጋ አንድ ሆነው ከነጣሪያቸው ቆመዋል።

እናቴ የውሃውን ጎማ እንደያዘች ወደኛ ዞራ ቆመች። ምን ልል እንደመጣሁ የገባት መሰለኝ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ያን ቤት…» አልኩ።

እንድጨርስ ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለም። አፍርሼው ነበር ለማለት፣ መጀመሪያ አሁን የቆመውን ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት ይቅርታ የሚያቀለው የኔን ሸክም እንጂ የሱን እንዳልነበር ያኔ ገባኝ።

«ያን ቤት ምን?» አለኝ።

«በጣም ወድጄው ነበር» አልኩት።

እጄን መታ መታ አደረገልኝ። ቆየና አንድ ነገር እንዳሳሰበው ሰው ወደኔ ጎንበስ አለ።

«አሁን ሰው ገብቶበታል? ባዶውን አይደለም?»

«ገብተንበታል፣ አባዬ» አልኩት። «ሁላችንም ገብተንበታል።»